ስላልተተከሉት ሃያ ሦስት ምሰሶዎች

እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2025
ምዌምቤኒ መንደር

ለካውንቲው የፓርኮችና የደን ጽሕፈት ቤት
ለክብርት ኃላፊዋ
ባሉበት

አመልካች፦ ማሮ ቡያ፣ የምኩዩኒ ወንዝ ዳር የካውንቲ ፓርክ ጠባቂ

ጉዳዩ፦ የታና ወንዝ አልጋውን በመለወጡ ምክንያት የምዌምቤኒ መንደር በፓርኩ ክልል ውስጥ ተቆጥሮ እስከ ማርች 31 እንዲነሣ የተሰጠው ትእዛዝ እንዲታገድልንና የፓርኩ ድንበር በምሰሶ እንዲተከል ስለመጠየቅ

ክብርት ሆይ፣

በዚህ ፓርክ ላለፉት ስምንት ዓመታት ሳገለግል በየወሩ መጨረሻ ለጽሕፈት ቤትዎ አንድ ገጽ ሪፖርት ስጽፍ ኖሬአለሁ። ስንት ቀይ ጉሬዛ እንደተቆጠረ፣ ስንት ጎብኚ እንደመጣ፣ የትኛው ዛፍ እንደወደቀ እጽፋለሁ። አቤቱታ ጽፌ ግን አላውቅም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቢጠፋብኝ ወይም ለቢሮ የማይገባ ነገር ቢያመልጠኝ ይቅርታዎን አስቀድሜ እለምናለሁ። ሃያ አንድ ቀን ቀርቶናል። በሃያ አንደኛው ቀን ሠላሳ ስምንት ቤት ይፈርሳል። አንደኛው የእናቴ ነው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነውን ወረቀት በእጄ የጻፍኩት ደግሞ እኔ ነኝ።

1. ስለ ፓርኩ አመጣጥ። ጽሕፈት ቤትዎ ምኩዩኒን የሚያውቀው ከ2016 ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት ደኑ የጋሳው፣ ማለትም የሽማግሌዎቻችን ሸንጎ፣ ነበር። የጋሳው ትልቁ ከበሮ የሚያርፈው እዚያ ውስጥ ነው። ከበሮውን ማን እንደሚያየው፣ ማን እንደማያየው መግለጽ የእኔ ድርሻ አይደለም። ለዚህ ጉዳይ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከበሮው በሚያርፍበት ምድር ብረት አይተከልም። ቢላ እንኳ መሬት ላይ ተሰክቶ አይተውም። በታና ዳር ከላይ እስከ ታች ደኑ ለሙዝና ለበቆሎ ሲመነጠር ይህ ቁራጭ የተረፈው መጥረቢያ ይዞ የሚገባ ስላልነበረ ነው። ሾላዎቹ ሦስት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ የማያቅፋቸው ሆነው አደጉ። ጉሬዛዎቹም ሌላ መሄጃ ሲያጡ እዚያ ተሰበሰቡ። የፓርኩ የስም ሰሌዳ እስከ ዛሬ በሚስማር ሳይሆን በገመድ ታስሮ የሚታየው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጎብኚዎች እየሳቁ ፎቶ ያነሡታል።

2. ስለ ድንበሩ። በ2016 ካውንቲው ደኑን ፓርክ ለማድረግ ሲጠይቅ ጋሳው ፈቀደ። ያን ጊዜ ወንዙ መንደራችንን እንደ ቀለበት ይዞረው ነበር። እኛ በቀለበቱ ውስጥ፣ በምሥራቁ ዳር ነን፤ ደኑ ከማዶ፣ በምዕራቡ ዳር ነው። በመካከላችን ወንዙ አለ።

ከጽሕፈት ቤትዎ የተላከው ቀያሽ ትሁት ወጣት ነበር። ሃያ ሦስት የሲሚንቶ ምሰሶ በጭነት መኪና ይዞ መጣ። መካከላቸው ብረት አለባቸው፤ በቀይ ቀለም ከአንድ እስከ ሃያ ሦስት ተቆጥረዋል። ደኑ ወንዙን በሚነካበት ጠርዝ ሊተክላቸው ሲሰናዳ የጋሳው ሊቀመንበር አጎቴ ኮፋ ጅሎ ከለከሉት።

«ልጄ፣ እዚህ ብረት አይተከልም» አሉት። «ድንበር ከፈለግህ ወንዙ አለልህ። ማን ተሸክሞት ይሄዳል?»

ሁላችንም ሳቅን። ቀያሹም ሳቀ። በዚያ ፀሐይ ሃያ ሦስት ጉድጓድ ከማስቆፈር መገላገሉ ሳያስደስተው አልቀረም። ከተሰበሰብነው መካከል ቀለም የቆጠርኩ እኔ ስለነበርኩ እስክሪብቶው ለእኔ ተሰጠኝ። «በምሥራቅ፦ የታና ወንዝ» ብዬ ጻፍኩ። ሽማግሌዎቹ በአውራ ጣታቸው ፈረሙ። ምሰሶዎቹን የሚመልሳቸው መኪና ስላልመጣ ሁለት ሁለቱን በታንኳ እያሻገርን ወደ መንደራችን ወሰድናቸው፤ በመሻገሪያው ላይ መቀመጫ ሆኑ። ሴቶቹ ዓሣ ያሰጡባቸዋል።

ክብርት ሆይ፣ በታና ዳር ተወልዶ ያደገ ሰው ወንዝ እንደማይታመን አያውቅም ወይ ብለው ይጠይቁኝ ይሆናል። እናውቃለን። ነገር ግን አንፈራውም ነበር፤ ሕግ ስላለን። ወንዙ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየቆረሰ ከመጣ መሬቱ የተቆረሰበት ሰው ያጣል፣ ደለል የተከመረለት ያርሳል። በአንድ ቀን ዘሎ ከሄደ ግን የሚያጣም የሚያገኝም የለም። ሽማግሌዎች አሮጌውን አልጋ በታንኳ ይዞሩታል፣ ድንበሩ እዚያው ነው ይላሉ፣ ነገሩ በዚያው ያልቃል። አያቶቻችን ሁለት ጊዜ እንዲህ አድርገዋል። ይህንን ለመንግሥት መንገር እንደሚያስፈልግ ለማናችንም አልታየንም። ውሃ ያረጥባል ብሎ ለቢሮ የሚያመለክት ሰው አለ?

3. ስለ ጎርፉ። ኤፕሪል 28 ቀን 2024 እሑድ ነበር። ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ወንዙ ከመንደሩ ጀርባ ያለውን የቀለበቱን አንገት ከሁለት በኩል እየበላው ነበር። አንገቱ ሰባ እርምጃ ብቻ ይሰፋ ነበር። ምሳ ሳንጨርስ ተበጠሰ። በሁለት ሰዓት ውስጥ ታና ዞሮ መሄዱን ትቶ በአቋራጭ ሄደ። አሥራ አንድ የማንጎ ዛፍ፣ አንድ ጎተራ፣ ከምሰሶዎቹም ቁጥር አሥራ ሰባት አብረው ሄዱ። ሰው አልሞተም፤ እግዚአብሔር ይመስገን ብለን ዘመርን። ውሃው ሲረጋ ወንዙ ከጀርባችን፣ ከምሥራቅ በኩል ሆኖ አገኘነው። በእኛና በደኑ መካከል የነበረው አሮጌ አልጋ ደግሞ የረጋ ሐይቅ ሆኖ ቀረ፤ መንገድ የጠፋባቸው አራት ጉማሬዎች እስካሁን እዚያው አሉ።

ጋሳው በሦስተኛው ሳምንት ሐይቁን በታንኳ ዞረ። የምቀዝፈው እኔ ነበርኩ። አጎቴ ኮፋ ቆመው ደኑ ከሐይቁ ወዲያ፣ መንደሩ ከሐይቁ ወዲህ፣ እንደነበረው ነው አሉ። ወደ ቤታችን ገባን። ነገሩ አለቀ ብለን ነበር።

እኔ ግን ትጉህ ሠራተኛ ነኝና በሜይ ወር ሪፖርቴ እንዲህ ስል ጻፍኩ፦ «ጉሬዛ 61፣ ሁሉም ደህና። ወንዙ አልጋውን ለውጧል። ሁለት ሾላ ወድቋል።» ያቺ መካከል ያለችው መስመር ናት ቤታችንን የምታፈርሰው። የጋሳውን ውሳኔ አልጻፍኩም። ለምን እንዳልጻፍኩ ራሴን ስጠይቅ ከርሜአለሁ። የቢሮ ነገር አልመሰለኝም ነበር።

4. ስለ ደብዳቤዎቹ። በጃንዋሪ ሠላሳ ስምንት የታሸጉ ደብዳቤዎች በሞተር ብስክሌት ተላኩልኝ። በየቤቱ አድርሼ እንዳስፈርም የሚያዝ ማስታወሻ ነበረበት። ሥራዬን እንዳላጣ ፈርቼ አደረስኩ። ሌላ ምክንያት ብሰጥ እዋሻለሁ። ሠላሳ ሰባቱ ተፈረሙ።

መጨረሻ ያስቀረሁት የእናቴን የሃቦናን ነበር። ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ሩዝ ስታበጥር አገኘኋት። ማንበብ ስለማትችል አነበብኩላት። ድገመው አለችኝ፤ ደገምኩት። ሰፌዱን መሬት አስቀመጠችና፣

«ከተዳርኩ ጀምሮ ከዚህ ቤት ንቅንቅ ብያለሁ?» አለችኝ።

«አላልሽም።»

«የሄደው ወንዙ ነው። ደብዳቤውን ለእሱ ስጠው።»

የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀና ብዬ ሳያት አልሳቀችም። ደብዳቤውን ሳይፈረም ከዚህ አቤቱታ ጋር አያይዤ መልሻለሁ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስሜ ፖስተኛው ነው። የታንኳ አሻጋሪው፣ አብሮ አደጌ፣ ባየኝ ቁጥር «ፖስተኛ፣ ለታንኳዬስ የመጣ ነገር የለም?» ይለኛል። ሌሎቹ ይህንንም አይሉኝም። ሰላምታ የነሡኝ አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

5. ስለ ቀደመው የቃል አቤቱታዬ። ፌብሩዋሪ 12 ቀን ከተማ ድረስ ሄጄ አንድ የካርታ ሠራተኛ አነጋግሬአለሁ። በመልካም ሁኔታ ተቀብሎ በኮምፒውተር አሳየኝ። «ጌታዬ፣ እኔ የማየው ይህን ሰማያዊ መስመር ነው» አለኝ። «ወረቀታችሁ ድንበሩ ወንዙ ነው ይላል፤ ወንዙ ይኸው። ከመስመሩ ወዲህ ያለው ሁሉ ፓርክ ነው።» የእናቴን ቤት ጣሪያ ፈልጌ አገኘሁት። ጣቴን አስቀምጬ ይህ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅሁት። «ሕገ ወጥ ሰፈራ» አለኝ። ክፋት አልነበረበትም። ከጎኑ የተጻፈውን ነው ያነበበልኝ።

ክብርት ሆይ፣ ቁጥር መስጠቱን እዚህ ላይ አቆማለሁ፤ የቀረው በቁጥር አልከፋፈል ብሎኛል።

እንድንሰፍርበት የተሰጠን ቦታ ከወንዙ አሥራ አራት ኪሎ ሜትር ይርቃል። እሾህና ቀይ አፈር ነው። እኛ ታንኳ ቀርጸን፣ ጎርፉ የተወውን ጭቃ አርሰን፣ ዓሣ አጥምደን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ሌላ አናውቅም። ሦስት ቤተሰብ ቀድመው ሄደዋል። ከእነሱ አንዱ በየሁለት ቀኑ በእግሩ እየተመለሰ መሻገሪያው ላይ ተቀምጦ ውሃውን ያያል፤ ሲመሽ ይነሣና ይሄዳል። ምን ልታደርግ መጣህ ብሎ የሚጠይቀው የለም።

እናቴ ዕቃዋን ማከፋፈል ጀምራለች። የዓሣ ቅርጫቷን ለጎረቤቷ ሰጠች፣ ትልቁን ድስት ለእህቴ ልጅ። ለጉዞ የምትሰናዳ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለራሷ ግን ምንም አላስቀረችም፤ ከአንዲት ምንጣፍ በቀር። እናቴ ከቤቷ አትወጣም። ግሬደሩ ሲመጣ እሷ ውስጥ ትሆናለች። ይህንን እንደ ማስፈራሪያ እንዳይወስዱብኝ እለምናለሁ፤ ልጇ ነኝና አውቃታለሁ። እንቅልፍ አጥቻለሁ። ምን እንደማደርግ አላውቅም። ለአለቃ ተስፋ ቆርጫለሁ ብሎ መጻፍ ነውር ከሆነ ነውሩን ልሸከም፤ ተስፋ ቆርጫለሁ።

ስለ ፓርኩም ቢሆን ዝም ማለት አልችልም። ሥራ ስጀምር ጉሬዛዎቹ አርባ ሰባት ነበሩ፤ ባለፈው ወር ስልሳ ሦስት ቆጥሬአለሁ። ይህ የእኔ ጉብዝና ተደርጎ እንዳይቆጠር። እኔ አንድ ሰው ነኝ፤ መሣሪያዬም አንዲት ፊሽካ ናት። በ2021 እንጨት ቆራጮች በሦስት ታንኳ ሲመጡ ፊሽካዬን ብነፋም የሰማኝ ቆራጭ አልነበረም። የሰሙኝ የመንደሩ ሴቶች ናቸው። ተሻግረው መጥተው መቅዘፊያዎቹን ከታንኳዎቹ ላይ ለቅመው ወሰዱና ሰዎቹ ሁለት ቀን ሙሉ ሙዝ እየበሉ ይቅርታ ሲጠይቁ ከረሙ። ከዚያ ወዲህ የመጣ የለም። መንደሩ ከተነሣ ደኑን ለፊሽካዬ ጥለውልኝ መሄድዎ እንደሆነ በትህትና አሳስባለሁ።

ባለፈው ሳምንት ጋሳው ሦስት ቀን ተቀመጠ። እኔም የተጠራሁት ለወቀሳ መስሎኝ ነበር። የተጠራሁት ግን ስለ ምሰሶዎቹ እንድናገር ነው፤ ስንት እንደቀሩ፣ የት ሊተከሉ ታስበው እንደነበር። ተናገርኩ። በሦስተኛው ቀን አጎቴ ኮፋ ተነሡ። ዕድሜአቸው ሰማንያ አራት ነው፤ ለመነሣት ሁለት ሰው ደግፏቸዋል።

«ከበሮውን የሚሰማው መንደር ከሌለ የምንጠብቀው ምኑን ነው?» አሉ። «ብረቱን ትከሉት። ቅጣት ካለው በእኔ ይሁን። ያን ጊዜ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ።»

ክብርት ሆይ፣ ይህ ቃል ምን ያህል እንደከበደ ለማስረዳት ችሎታ የለኝም። እኚህ ሰው የስም ሰሌዳው ላይ ሚስማር እንዳይመታ ዝናብ ላይ ቆመው ገመድ ያስጠመዘዙ ሰው ናቸው። እናቴ ታናሽ እህታቸው ናት። ከሸንጎው ሲወጡ ፊታቸውን ከደኑ መልሰው ነበር የሄዱት።

ሕጉን በሚመለከት በጡረታ ላይ ያሉ አንድ የፍርድ ቤት ጸሐፊ አማክሬአለሁ። የመንግሥት ሕግም ቢሆን ቀስ ብሎ የሚሳብ ወንዝንና በአንድ ቀን የሚዘል ወንዝን ለይቶ እንደሚያይ፣ ወንዙ ሲዘል ድንበር ባለበት እንደሚቀር ነገሩኝ። የእኛ ሽማግሌዎችና የእናንተ መጻሕፍት ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ተናግረዋል ማለት ነው። ይህንን እርስዎ ከእኔ በተሻለ እንደሚያውቁት ስለማምን አላስረዝምም።

ስለዚህ የምጠይቀው ይህንን ነው። የማርች 31ዱ ትእዛዝ ድንበሩ እስኪተከል ድረስ ይታገድልን። አንድ ቀያሽ ለአንድ ቀን ይላክልን። ምሰሶ፣ ጉልበት፣ ታንኳ፣ ምግብ ከእኛ ነው። ሃያ ሁለቱን ምሰሶዎች ከመሻገሪያው አንሥተን በሐይቁ ማዶ በደኑ ጠርዝ፣ በ2016 በታሰበላቸው ቦታ፣ በየቁጥራቸው አጋድመናቸዋል። ቁጥር ዘጠኝ ተሰንጥቋል፤ ታንኳ ወድቆበት ነው። ወንዙ የወሰደው ቁጥር አሥራ ሰባት በልኩ ተሠርቶ ተተክቷል፤ በላዩ ያለው ቁጥር የእኔ የእጅ ጽሑፍ መሆኑን አስታውቃለሁ፤ ከእንግዲህ አንዳችም ነገር ሳልገልጽ ማለፍ አልፈልግም። ሃያ ሦስቱም ጉድጓዶች ተቆፍረዋል። የተቆፈሩት በእንጨትና በእጅ ነው። ብረት ምድሩን የሚነካው ቀያሽዎ ባለበት አንድ ጊዜ ብቻ እንዲሆን ጋሳው ወስኗል።

ጥፋቱ የአንድ ሰው ብዕር መሆኑን ደግሜ አረጋግጣለሁ። መቅጣት ካስፈለገ ከሥራዬም፣ ከመንደሬም እኔን ያንሡኝ፤ አልከራከርም።

መልስዎ እምቢታ ከሆነ ግን አንዲት ልመና አለችኝ። ደብዳቤውን በሌላ ሰው እጅ ይላኩት። እኔ ከእንግዲህ ወዲያ በእናቴ ደጃፍ ወረቀት ይዤ መቆም አልችልም።

አጎቴ ኮፋ ከሐሙስ ጀምሮ በየማለዳው በታንኳ ይሻገሩና ቁጥር አንድ ምሰሶ ላይ ይቀመጣሉ። ጉድጓዱ እግራቸው ሥር ነው። ብረቱ ሲገባ መጀመሪያ የሚነካው እጅ የእሳቸው እንዲሆን አዝዘዋል። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ በፓርኩ መንገድ መኪና በተሰማ ቁጥር ወደ እኔ ዞረው «ቀያሹ ነው?» ይሉኛል። እስከ ዛሬ «አይደለም» እያልኳቸው ነው።

ከታላቅ አክብሮትና ከሰላምታ ጋር

ማሮ ቡያ
የሃቦና ልጅ